ስስ ውሃ

ጀሩሻ ኬይተር ቤቷን እንድትለቅ የተነገራት በረዶው እንደ ቀለጠ ነበር። በጋው አልፎ የሜፕል ዛፎቹ ቅጠል ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር እሷ ግን አንዲት ማንኪያ እንኳ አላሸገችም። በወንዙ ቁልቁል ያለው ትልቁ ከተማ ውሃ ጠምቶት የሸለቆውን አፍ በግድብ ሊዘጋ፣ ሸለቆውንም ከዳር እስከ ዳር ሐይቅ ሊያደርገው ተነሥቷል። ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል። ቤተ ክርስቲያኑ ሳንቃ በሳንቃ ተነቅሎ ወደ ኮረብታው ወጥቷል። የመቃብሩ ስፍራ ሳይቀር ተቆፍሮ ዐፅሙ ተዛውሯል። የቀሩት ጥቂት ቤቶች ደግሞ የክረምቱ በረዶ ሳይጥል ይቃጠላሉ ተብሏል።

«ሙታኑ እንኳ ታዘው ተነሥተዋል፣ አክስት ጀሩሻ፤ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ?» አላት አብራም ዊንቸል፣ የዱቄቱን ከረጢት ከትከሻው እያወረደ። አብራም የሸለቆው ባለሱቅ ነው። ሱቁን ወደ ኮረብታው ካዛወረ ወዲህ የሚያስፈልጋትን በጋሪ ያመጣላታል፤ ሲያመጣም ሳይጨቀጭቃት አይመለስም።

«ሙታኑ ምድጃ የላቸውም፤ እኔ አለኝ።»

«ወንድምዎ ሌቪ ኮረብታው ላይ ቤት ተከራይቶልዎት የለ? ያውም ከነበረንዳው።»

«ጎረቤት ሁሉ ከተበተነ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማንን ልማ? አንተን ብቻ ነው፤ አንተን ደግሞ አምቼ ጨርሻለሁ።»

አብራም ሳቀ። በዚያ ሸለቆ ትንሹም ትልቁም አክስት ጀሩሻ የሚላት ባትሆን ኖሮ ምላሷ ከሰው ባጣላት ነበር። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፣ ግን በአካባቢው የተወለደውን ሕፃን ሁሉ ያጠበችው እሷ ናት። አፏ ስለት፣ ሆዷ ቅቤ ነው። የሆዷን ግን ለማንም አትናገርም፤ ለምን ቤቷን እንደማትለቅም ለማንም አልተናገረችም።

ነገሩ ከወንድሟ ጋር የተያያዘ ነበር። ሌቪ ኬይተር ተራራና ወንዝ፣ ደመናና ዛፍ በመሳል ስሙ ባሕር የተሻገረ ሰው ነው። እናታቸው ታማሚ ስለነበረች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ጀሩሻ ናት። የመጀመሪያ ብሩሹን የሠራችለት ከላሟ ጅራት ፀጉር ቆርጣ ነው፤ የመጀመሪያ ቀለሙም የእሷ የምድጃ ጥቀርሻ ነበር። ካደገ በኋላ ክረምቱን ከተማ ይከርምና በጋ በገባ ቁጥር ትልቅ ጃንጥላውን፣ ታጣፊ በርጩማውንና የቀለም ሣጥኑን ተሸክሞ ይመጣል። በሸለቆው ያልሳለው ነገር የለም። ፏፏቴውን ስሏል፣ ጉሙን ስሏል፣ መብረቅ የሰነጠቀውን ዛፍ ስሏል፤ የአብራምን ጊደር ሳይቀር ስሏታል። የተወለደበትን ቤት ግን አንድም ቀን ስሎት አያውቅም።

እንዲያውም ባሰ እንጂ። ለስሙ መነሻ የሆነው ትልቁ ሥዕል ከቤታቸው በላይ ካለው ኮረብታ የተሣለ ነው፤ ከዚያ ቁልቁል ላየ ሰው ደግሞ የኬይተሮች ቤት ልክ መሐል ላይ ይታያል። ሥዕሉ ታዋቂ ሆኖ በወረቀት ታትሞ ሲሸጥ አንዱ ቅጂ እዚያው የአብራም አባት ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጀሩሻ ያን ጊዜ ወጣት ናት። ሊጥ በእጇ እንዳለ ሮጣ ሄደች። ተራራውን አየች፣ የጎረቤት አጥር አየች፣ ቤታቸው ጋ ስትደርስ ሐይቅ አገኘች። ሸለቆው ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ሐይቅ! ዳሩ ላይ ሁለት አጋዘኖች ጎንበስ ብለው ይጠጣሉ።

«አጋዘኖቹ ወጥ ቤቴ ገብተው እየጠጡ ነው፤» አለች። ሱቁ በሳቅ ተሞላ፤ እሷም ሳቀች። ቤቷ ስትደርስ የቅቤ መናጫው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

ለሌቪ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል፤ እሷ ግን ያንን ይዛ አርባ ዓመት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ወንድሟን እንደ ዐይኗ ብሌን ትወደዋለች። ቢሆንም በመጣ ቁጥር ቂጣ በሜፕል ሽሮፕ እያበላችው፣ ካልሲውን እየጠገነችለት፣ ውስጧ ያው ነገር ይመላለሳል፦ እኛ ለሥዕል አልበቃንለትም።

አሁን ቤቱ ሊቃጠል ነው። ሲቃጠል በዓለም ላይ የእሱን መልክ የያዘ አንዲት ቁራጭ ሸራ አይኖርም። ጀሩሻ የምትጠብቀው ይህንን ነበር፤ ሌቪ አንድ ቀን በርጩማውን አንሥቶ ግቢው ውስጥ ወደ ቤቱ ዞሮ እንዲቀመጥ። መለመን ሞቷ ነው፤ ራሱ ያድርገው። በዚህ የመጨረሻ በጋ እንኳ መጥቶ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ለቤቱ፣ ፊቱን ለተራራው ሰጥቶ። እሷም በመስኮት ጀርባውን ስታይ ከረመች።

ቅጠሉ እየረገፈ ሳለ ሌቪ እንደገና መጣ። ጃንጥላም፣ በርጩማም አልያዘም፤ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ካረጀ ወዲህ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሰው እንዳያይበት ይደብቃቸዋል።

«ሩሻ፣ ከተማ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አላት ራት ላይ።

«ምን ልሠራ?»

«ትልቁ ሥዕሌ ተበላሽቷል። የገዛው የሚስተር ላንሲንግ ሚስት ናት ያስጠራችኝ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥዕሉ እሷ ዘንድ ነው። ሐይቁ ላይ የሆነ ነገር ወጥቷል፤ መጥተህ አድስልኝ አለችኝ። እጄን ታውቂዋለሽ። ብሩሽ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ጀሩሻ ሹካዋን አስቀመጠች። «አንተ ሌቪ፣ እኔን እንደ ዶሮ በጥሬ ልታባብለኝ ነው? ከደጅ ስወጣ ሰዎቹ መጥተው ክብሪት ሊጭሩ ነው አይደል?»

«በእናታችን ይሁንብኝ። እስክትመለሺ አይነኩትም፤ ጠይቄያቸዋለሁ።» ቀጥሎም «የወጣውን ነገር ሳልሸፍነው እንድታይው ፈልጌ ነው፤» አለ።

ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ልጅ ሳለ የእንቁላል ቅርጫት ሰብሮ ሲመጣ እንዲያ ነበር የሚናገረው። ጀሩሻ በማግስቱ አብራምን ጠርታ ቤቱን እንዲጠብቅ አደራ አለችው።

«ምድጃው ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ሊያቃጥሉ ከመጡ ከነእኔ ያቃጥሉት፤» አላት።

«አንተን ሲያቃጥሉ ይከርማሉ፤ በፖም ጠጅ፣ በሲደር የራስክ ሰው ነህ።»

በባቡር፣ ቀጥሎ በጀልባ ሄዱ። ሌቪ መንገዱን ሁሉ ወንዙን ሲያይ ነበር። የላንሲንግ ቤት ሠራተኛ አስገብታ ሰፊ ክፍል ውስጥ ትታቸው እመቤቷን ልትጠራ ወጣች። ሥዕሉ ከእሳት ምድጃው በላይ ተሰቅሏል። ጀሩሻ የምታውቀው የሱቁን ወረቀት ነው። ይህ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ሰማዩ ይበራል፣ የተራራው ጎን በማለዳ ፀሐይ ወርቅ መስሏል። ቀና ብላ አየችው። እውነቱን እንናገር፣ ልቧ በኩራት ሞቀ። ይህን ልጅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ አለች በሆዷ። ከዚያ ዐይኗን ወደ ሐይቁ አወረደች።

ሐይቁ ንጹሕ አልነበረም። መሐሉ ላይ፣ ከውሃው በታች፣ ጠቆር ያለ ነገር ይታያል። የደመና ጥላ መሰላት። መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። ጥላው ጠርዝ አለው፤ ጠርዙ ደግሞ ጣሪያ ነው። ከጣሪያው ላይ አባታቸው አንድ መከር በሲደር ሞቅ ብሎት የሠራው፣ ወደ ጎተራው ያዘመመው ጭስ ማውጫ ወጥቷል። ከቤቱ ጎን ወጥ ቤቷ አለ። በሩ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች ነጭ ነገር ቆማለች።

የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«ማን ጨመረው?» አለች።

«ማንም አልጨመረውም። መጀመሪያም እዚያው ነበር።»

ሌቪ አጠገቧ ቆሞ፣ ሥዕሉን ሳይሆን ምንጣፉን እያየ ነገራት። ኤግዚቢሽን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ሠዓሊዎች መሰላልና ብሩሽ ይዘው አዳራሽ ይገባሉ፤ የተሰቀለ ሥዕላቸውን ያቃናሉ፣ ቫርኒሽ ይቀባሉ። ሥዕሉ የጨለመበት ሠዓሊ የሚያፈካው ያን ዕለት ነው። የሌቪን ስም ያኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የዚህ ቤት ጌታ ሚስተር ላንሲንግ እየተዘዋወረ ሲያይ ከሌቪ ሥዕል ፊት ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ «ውብ ሸለቆ ነው፤ ያቺ ጎጆ ባትኖርበት!» ብሎ አለፈ።

«ይኸው ነው? በቃ?» አለች ጀሩሻ።

«በቃ። ሳያስበው ነው የተናገረው፤ ምናልባት ጥጉን ሲዞር ረስቶታል። እኔ መሰላሉ ላይ ወጣሁና በሐይቅ ሸፈንኩት። ሲመለስ ገዛው።»

«የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ።»

«አዎ።»

«አሰጠምከን እኮ ሌቪ። እናታችን እዚያ ውስጥ ታማ ተኝታ ነበር።»

«አዎ፣» አለ እንደገና። «ረሳኋችሁ ከማለት በገዛ እጄ ሸፈንኳችሁ ማለት ይብሳል፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩሽ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ልስለው ስንት ጊዜ በርጩማዬን አዙሬ ተቀምጫለሁ መሰለሽ፤ አንቺ ላም ስታልቢ ነበር፣ አላየሽም። ቤቱ ቀና ብሎ የሚያየኝ እየመሰለኝ እነሣለሁ። ጀርባዬን የምሰጠው ንቄው መስሎሽ ነበር?»

ጀሩሻ ተናዳ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የያዘችው ቂም ግን በሐሳቧ በሠራችው ሌላ ሌቪ ላይ ነበር፤ ቤታቸውን ሳያየው ባለፈ ሌቪ ላይ። እዚህ አጠገቧ የቆመው ቤቱን አይቶት፣ ስሎት፣ ከዚያም ፈርቶ የሸፈነው ነው። ፈሪ ወንድም ሌላ ነገር ነው። ፈሪ ወንድምማ የእሷው ነው።

«ታዲያ አሁን ምን አወጣው?»

«የዘይት ቀለም ሲያረጅ ይጠራል። ስስ ከሆነ ደግሞ እንደ መስታወት ሆኖ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። የድሮውን ፍቆ፣ ወፍራም አድርጎ መሸፈን ነው ደንቡ። ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል።»

«አውቀህ ነው ያሳሳኸው?»

አዎ ቢላት ታምነው ነበር፤ ልታምነውም ተዘጋጅታ ነበር። ሌቪ ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲያ ብልሽ ደስ ባለኝ፣ ሩሻ። ቸኩዬ ነው።»

ለዚህ መልሱ ወደደችው። እጁን ከኪሱ አውጥታ ያዘችው፤ የሚንቀጠቀጠው እጅ እጇ ውስጥ ትንሽ ረጋ።

«በሩ ላይ ያለችው ነጭ ነገርስ?»

«ሽርጥሽ ነዋ። መጀመሪያ ወደ ከተማ የሄድኩ ዕለት ኮረብታው ላይ ደርሼ ዘወር ስል በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። ቆመሽ ቀረሽ። እንደዚያ ነው የሳልኩሽ።»

ጀሩሻ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ላንሲንግ ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ቀስ እያለች የገባችው። ሠራተኛዋ ሻይ ይዛ ተከተለቻት።

«አያችሁት?» አለች ወይዘሮዋ። «መንፈስ ነው መሰለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እያደር እየጎላ መጣ። ሲመሽ እዚህ ክፍል መቀመጥ ፈራሁ። እባክዎ ሚስተር ኬይተር፣ ይሸፍኑልኝ።»

ሌቪ ሣጥኑን ከፈተ። ቀለም አወጣ፣ ሰማያዊውንም ነጩንም ደባለቀ፣ ብሩሹን አነሣ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ተናገሪ፤» አላት። «የዛሬውን እኔ ብቻዬን አልወስንም።»

ጀሩሻ ዐይኗን በመሐረቧ ጠረገች። «መንፈስ አይደለም እመቤቴ፤» አለች። «የእኔ ቤት ነው። አሁንም እዚያው ነው የምኖረው። በዚህ ሳምንት ያቃጥሉታል፤ ከዚያ ውሃ ይገባበታል።»

ወይዘሮ ላንሲንግ ወደ ሥዕሉ ተጠጋች። ጀሩሻ ጭስ ማውጫውን አሳየቻት፣ ወጥ ቤቱን አሳየቻት፣ በሩ ላይ ያለችውን ልጅ አሳየቻት። ወይዘሮዋ ልጅቱን አየች፤ ቀጥሎ አጠገቧ የቆመችውን አሮጊት አየች፤ እንደገና ልጅቱን።

«እንግዲያ የሚያስፈራ ነገር የለውም፤» አለች በመጨረሻ። «ብቻዬን የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። ብሩሹን ያስቀምጡት ሚስተር ኬይተር፤ የሰው ቤት ላይ ሁለት ጊዜ ውሃ አይፈስስም። ሻዩ ሳይበርድ ቁጭ በሉ።»

«አጋዘኖቹን ላጥፋቸው?» አላት ሌቪ እህቱን፣ ቀስ ብሎ።

«ተዋቸው ይጠጡ። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት በስተርጅና ለቀው የት ይሄዳሉ?» አለችና ራሷ በተናገረችው ሳቀች።

ሲመለሱ ጀሩሻ ዕቃዋን በአንድ ቀን አሸገች። አብራም ዐይኑን ማመን አቅቶት ማንኪያ ሲቆጥር ታየ። በማግስቱ ማለዳ ሌቪ በርጩማውን ተሸክሞ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ዞሮ፣ ፊቱን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። እጁ እየተንቀጠቀጠ በእርሳስ ቤቱን ነደፈው፤ መስመሩ ቢወላገድም አልተነሣም። ጀሩሻ ነጭ ሽርጧን አድርጋ በሩ ላይ ቆመችለት። ደከመኝ አላለችም። ሲጨርስ በሩን ዘጋች፤ ቁልፉን ሊያቃጥሉ ለመጡት ሰዎች ሰጠች እንጂ አልወሰደችም። የሚቃጠል በር ቁልፍ ምን ያደርጋል? ጭሱ በተነሣ ጊዜ ኮረብታው ላይ ባለው ቤት በረንዳ ላይ ነበረች፤ ሌቪ እንዳታይ ወንበሯን አዞረላት፣ እሷ መልሳ አዞረችው።

ግድቡ ካለቀ በኋላ ውሃው ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ መንገዱን ዋጠ፣ ከዚያ የፖም ዛፎቹን ጉቶ። አንድ ማለዳ ከበረንዳው ቁልቁል ሲያዩ ሸለቆው አልነበረም፤ ሌቪ ያኔ የሳለው ሐይቅ ነበር፣ ብቻ የትየለሌ የሰፋ። ተበትኖ የሄደው ጎረቤት ሁሉ አሁን እየመጣ «ሌቪ፣ አንተ ነህ ያሟረትክብን» እያለ ይቀልድበታል። እሱ እንደ ሌላው ጊዜ አይስቅም ነበር።

በመጨረሻው በጋው ሌቪ አንድ ሥዕል ጀመረ። እጁ ሲብስበት ጀሩሻ ክንዱን ከታች ትደግፈዋለች። ወራት ወሰደ። መጀመሪያ የሳለው ቤቱን ብቻ ነው፤ ሳንቃውን አንድ በአንድ፣ የመስኮቱን መጋረጃ፣ በሩ ላይ ሽርጥ ያደረገችውን አሮጊት።

«ጭስ ማውጫው ቀጥ አለብህ፤» ትለዋለች። «አባባ ይህን ያህል ጨዋ ሆኖ የሠራው ነገር የለም።» ሌቪም ያጣምመዋል።

ቤቱ እስኪደርቅ ጠበቁ። ሲደርቅ ሌቪ የሐይቁን ቀለም በጠበጠ፤ ጀሩሻ ሳህኑን ያዘችለት።

«ስስ አድርገህ፤» አለችው።

«አሁንማ አውቄ ነው፤» አላት።

ሥዕሉ ባለቀ በሳምንቱ አብራም ዱቄት ይዞ መጣና በረንዳው ላይ ቆሞ አየው። ተራራው አለ፣ ሰማዩ አለ፣ መሐሉ ውሃ ብቻ ነው። ሌቪ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። አብራም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አክስት ጀሩሻ፣ ምነው፣ ዛሬም ቤቱን ሸፈነው?» አላት።

ጀሩሻ ብርድ ልብሱን በወንድሟ ጉልበት ላይ አስተካከለች።

«ታገስ አብራም፤» አለችው። «ይመጣል። እኛ ባንደርስበትም የአንተ የልጅ ልጆች ያዩታል።»